ለነጭ ዳቦ ልስላሴ አብሲት ይበቃል

በቤት የተጋገረ ነጭ ዳቦ ከምድጃ እንደወጣ ለስላሳ ሆኖ በማግስቱ ጠዋት የሚፈረፈረው ለምንድን ነው ሲባል የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም። አንዱ የገበያችን ዱቄት ለለስላሳ ዳቦ አይሆንም የሚል ሲሆን ሌላው ደግሞ ዳቦ ቤቶች የሚጨምሩት ኢምፕሩቨር የሚባለው የሊጥ ማሻሻያ ከሌለ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ዳቦ አይወጣም የሚል ነው። ሁለቱንም አልቀበልም። ከሱቅ የሚገዛ ተራ ፉርኖ ዱቄት ለሁለትና ለሦስት ቀን ልስላሴውን የማይለቅ ዳቦ ይወጣዋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ጥበብም እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ሁሉ ሲሠራበት የኖረው አብሲት፣ ማለትም ጥቂት ሊጥ በፈላ ውሃ አብስሎ ወደ ሊጡ መመለስ ነው።

ብዙ ሰው ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ተንኖ ስለሚያልቅ ብቻ ይመስለዋል። ትነት ድርሻ እንዳለው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ርጥበቱን ያላጣ ዳቦም ይጠነክራል። ዋናው ምክንያት ያለው የዱቄቱ ዋና ክፍል በሆነው ስታርች ውስጥ ነው። የስንዴ ስታርች ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ሲያልፍ ውሃ እየመጠጠ ያብጣል፣ ይለሰልሳልም፤ ዳቦው ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ያው ስታርች ቀስ በቀስ ወደ ጥብቅ አደረጃጀት ስለሚመለስ የዳቦው ሆድ እየጠነከረና እየተፈረፈረ ይሄዳል። የደረቀ ዳቦ እንደገና ሲሞቅ ለጥቂት ጊዜ የሚለሰልሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለስላሳ ዳቦ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ሊጡ ብዙ ውሃ እንዲይዝና የያዘውን እንዳይለቅ እንዴት ይደረግ የሚለው ጥያቄ ነው። ውሃ ዝም ብሎ ማብዛት አይበጅም፤ ሊጡ ይቀጥናል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ የሚያቦካውም ሰው ተጨንቆ ዱቄት ይጨምርበታል፣ ያ የተጨመረ ዱቄትም ዳቦውን ያደርቀዋል።

የጤፍ ሊጥ ቦክቶ ከላይ የጠለለው ውሃ ከተቀነሰ በኋላ እናቶቻችን ውሃ አፍልተው፣ ከሊጡ ጥቂት ጨምረው፣ እያማሰሉ ያበስሉታል፤ ሲወፍር አውርደው ያበርዱትና ወደ ሊጡ ይመልሱታል። ጤፍ እንደ ስንዴ ግሉተን የሚባለው ሊጥ የሚያያይዝ ፕሮቲን ስለሌለው እርሾው የሚያወጣውን አየር የሚይዝለት መረብ የለውም። ይህን ጉድለት የሚሸፍነው የበሰለው ስታርች ነው፤ ሊጡን ያወፍረዋል፣ አየሩን ይዞ እንዲቆይ ያግዘዋል፣ ውሃውንም ያስርለታል። አብሲት ያልተጣለበት እንጀራ ዓይኑ የጠፋና ቶሎ የሚደርቅ እንደሚሆን ለባለሙያ ሴት መንገር አያሻም።

ምሥራቅ እስያውያን የወተት ዳቧቸውን በዓለም ያስወደዱት በዚሁ መንገድ ነው። ጃፓኖች ዩዳኔ በሚሉት አሠራር ከዱቄቱ የተወሰነውን በፈላ ውሃ ይለውሱታል፤ ታንግዞንግ በሚባለው የቻይናውያን አሠራር ደግሞ አንድ እጅ ዱቄት በአምስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ ሙቀቱ 65 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ እሳት ላይ ይማሰላል። ወጣት ጋጋሪዎቻችን ይህን ከውጭ ቪዲዮዎች ተመልክተው እንግዳ ምሥጢር እንዳገኙ ሲነጋገሩበት መስማት ያሳዝነኛል። ዕውቀቱ በገዛ ጓዳቸው አለ፤ ከጤፍ ወደ ስንዴ ያሻገረው ሰው ግን ጥቂት ነው።

እርግጥ የእንጀራውና የዳቦው አብሲት አንድ ዓይነት አይደሉም። የእንጀራ አብሲት ከቦካ ሊጥ ይወሰዳል፤ ለዳቦ ግን ያልቦካ ዱቄትና ውሃ ይበቃል። መጠኑም የተለየ ነው። ስንዴ አየር የሚይዘው በግሉተኑ ነውና የበሰለው ዱቄት ከበዛ ግሉተኑ ይሳሳል፣ ዳቦውም ሙጫ ሙጫ የሚልና ከባድ ይሆናል። ከጠቅላላው ዱቄት ከመቶ አምስት ያህሉን ማብሰል ለቤት ዳቦ በቂ ነው ባይ ነኝ።

በዚህ ስሌት ለ500 ግራም ዱቄት 25 ግራሙ ተቀንሶ በ125 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበጠበጥና በለስላሳ እሳት ላይ እንደ ወፍራም አጥሚት እስኪሆን ይማሰላል። ለብ እስኪል ከቆየ በኋላ ከቀሪው 475 ግራም ዱቄት፣ ከ200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ወይም ወተት፣ ከ30 ግራም ስኳር፣ ከ9 ግራም ጨውና ከ3 ግራም ደረቅ እርሾ ጋር ይቦካል። 40 ግራም ዘይት ወይም ቅቤ የሚጨመረው ሊጡ ጥቂት ታሽቶ ከተያያዘ በኋላ ነው፤ ቅባት አስቀድሞ ከገባ ዱቄቱን ስለሚሸፍነው ግሉተኑ ለመያያዝ ጊዜ ይወስድበታል። መጀመሪያ ላይ ሊጡ እጅ ይይዛል፤ በዚህ ጊዜ ዱቄት ከመነስነስ ይልቅ እጅን በጥቂት ዘይት አርሶ ማሸቱን መቀጠል ይሻላል። ከሊጡ ቁራሽ ተወስዶ በጣቶች መካከል ሲዘረጋ ሳይበጠስ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ መታሸት አለበት፤ ይህም በእጅ ሲሠራ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ኩፍ ብሎ እጥፍ ሲሆን ቅርጽ ይይዛል፣ በመጋገሪያው ዕቃ ውስጥ እንደገና ኩፍ ይላል፣ ከዚያም በ180 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋገራል። እንደወጣ በንጹሕ ጨርቅ ከተሸፈነ ቅርፊቱ በገዛ እንፋሎቱ ይለሰልሳል። ኦቨን የሌለው ቤት ይህንኑ ሊጥ በኮባ ቅጠል ላይ አድርጎ አክንባሎ በተደፋበት ምጣድ በዝግታ ሊጋግረው ይችላል፤ ድፎ ዳቦ የምንጋግርበት መንገድ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚያስቀር ለልስላሴ ምቹ ነው።

የእርሾው ማነስ የሚያስገርማቸው እንደሚኖሩ አውቃለሁ። በአውሮፓ የታተሙ አዘገጃጀቶች ለዚሁ መጠን ዱቄት 7 ግራም የሚይዝ አንድ ፓኬት እርሾ ያዝዛሉ፤ እኛ ዘንድም ዳቦው እምቢ ሲል እርሾ መጨመር የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ስለሚያንስ እርሾው የሚያወጣው አየር በቀላሉ ይስፋፋል፣ ሊጡም ፈጥኖ ኩፍ ይላል። ፈጥኖ ያበጠ ሊጥ ግሉተኑ ሳይጠነክርና ጣዕሙ ሳይበስል ቦታውን ይሞላል፤ ሲጋገርም መሐሉ ይሰምጣል ወይም ሆዱ ትልልቅ ቀዳዳ ያለው፣ ሲነኩት የሚፈርስ ይሆናል። እርሾን ቀንሶ ጊዜን ማስረዘም፣ ሰዓትን ትቶ የሊጡን መጠን መመልከት ይህን ያርመዋል። የመብሰሉም ነገር እንዲሁ ነው። ውሃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ የዳቦው ሆድ 94 ወይም 95 ዲግሪ እስኪደርስ ይጋገር የሚለውን የውጭ መመሪያ እዚህ ለመፈጸም የሚሞክር ሰው የሚያተርፈው ድርቀት ነው። በዋሽንግተን ያለች እህት የላከችው አዘገጃጀት እዚህ አልሆን ቢል ጥፋቱ የእሷም የጋጋሪዋም አይደለም፤ እሷ ያለችው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ ነው።

አብሲትን ከሌላው ማለስለሻ ሁሉ የማስቀድምበት ዋነኛ ምክንያቴ ግን ጾም ነው። ለስላሳ ነጭ ዳቦ የሚያስተምሩ የውጭ አዘገጃጀቶች ልስላሴውን በአብዛኛው ከወተት፣ ከቅቤና ከዕንቁላል ያመጡታል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን በሚጾሙበት አገር፣ በዐቢይ ጾም ለልጆቹ ቁርስ የሚያስብ ቤተሰብ እነዚህን መጠቀም አይችልም። አብሲት የሚሠራው ከራሱ ከዱቄቱና ከውሃ ነው፤ ከጥቂት ዘይት ጋር ሲሆን የጾሙ ዳቦ የፍስኩን ያህል ይለሰልሳል። ወተትና ቅቤ ውድ በሆኑበት በዚህ ወቅት ለማይጾመውም ቢሆን የዋጋው ነገር ቀላል አይደለም።

ዳቦ ቤቶች ኢምፕሩቨር ለምን ይጠቀማሉ ብዬ ልወቅሳቸው አልፈልግም። ፈጣን የፋብሪካ ዳቦ እ.ኤ.አ. በ1961 በእንግሊዝ ቾርሊዉድ መንደር ከተቀየሰ ወዲህ ንግዱ የቆመው በጊዜ ቁጠባ ላይ ነው፤ ኃይለኛ ማቡኪያ፣ ጠጣር ቅባትና ማሻሻያዎች በረጅም ማቡካት የሚገኘውን በአጭር ጊዜ ያስገኛሉ። ቤት ግን ሊጥ እንዲያርፍ ሁለት ሰዓት መስጠት ይችላልና የፋብሪካን አቋራጭ የሚከተልበት ምክንያት የለውም። ፍሪጅም ለዳቦ አይበጅም፤ ስታርቹ ከቤት ሙቀት ይልቅ እዚያ ቶሎ ይጠነክራል። በሦስት ቀን የማያልቀውን ቆራርጦ በፍሪዘር ማስቀመጥ ይሻላል።

የሚጎድለን በአማርኛ የተጻፈ፣ መጠኑ በኩባያ ግምት ፈንታ በግራም የተለካ፣ የሚጋገርበትን ከተማ የሚያውቅ አዘገጃጀት ነው። የኩባያ ዱቄት ተነፍቶና ተጠቅጥቆ ሲለካ ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ አንዱ ቤት ያማረው ዳቦ ሌላው ቤት ድንጋይ ይሆናል። የምግብ ዝግጅት የሚያስተምሩ የሙያ ማሠልጠኛዎችና በቪዲዮ የሚያስተምሩ ባለሙያዎች ይህን ሥራ ቢይዙት እወዳለሁ፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በምትገኘው ቀዝቃዛዋ ደብረ ብርሃንና በ1,200 ሜትር አካባቢ ባለችው ሞቃታማዋ ድሬዳዋ አንድ ዓይነት የእርሾ መጠንና አንድ ዓይነት የማቆያ ሰዓት ሊሠራ አይችልምና ለእያንዳንዱ አካባቢ ተሞክሮ፣ ተለክቶ ይጻፍ።