«ከመደበኛው በላይ» ሲባል ከየትኛው መደበኛ?

ያነበብኩት የአየር ሁኔታ ጽሑፍ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የሚለካውን የኤፕሪል ሙቀት «ከመደበኛው በላይ» እንደሆነና ክብረ ወሰን እንደሰበረ በአንድነት ሲያቀርብ፣ መደበኛ የተባለው አሃዝ ከየት እንደ መጣ አለመግለጹ ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል። አሁን የሚሠራበት አሃዝ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው የ30 ዓመት አማካይ ነው። ይህ አማካይ በየ10 ዓመቱ ስለሚከለስ፣ ዛሬ ከመደበኛው ብዙም አይርቅም የምንለው ሙቀት በቀድሞው ስሌት ጎላ ያለ ልዩነት ሊሆን ይችል ነበር። ክብረ ወሰን ግን የሚነጻጸረው እስከ 1869 ወደ ኋላ ከሚዘልቀው መዝገብ ሁሉ ጋር ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አጣምሮ ማቅረብ አንባቢን ያደናግራል።

በተለይ ጸደይ ለአማካይ አይመችም። የሰሜኑ ቀዝቃዛ አየር ገና ሳይለቅ የደቡቡ ሞቃት አየር ስለሚገፋ፣ የነፋሱ አቅጣጫ ሲቀየር ሙቀቱም በአንድ ሌሊት ይለወጣል። በዚሁ ፓርክ ኤፕሪል 18 ቀን 1976 ሙቀቱ 35.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር፤ ኤፕሪል 6 ቀን 1982 ደግሞ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ ጥሏል። እንዲህ ባለ ወር «መደበኛ ቀን» የሚባለው በስሌት እንጂ በተግባር እምብዛም አይገጥምም።

የመለኪያው ሥፍራም በ1920 በፓርኩ ውስጥ ካለው አርሰናል ሕንፃ እዚያው ፓርክ ወዳለው ቤልቬዴር ካስል ተዛውሯል፤ ርቀቱ አጭር ቢሆንም የዙሪያው ዛፍ፣ ጥላና ከፍታ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ከዝውውሩ በፊት የተመዘገበ ክብረ ወሰን በአንድ ዲግሪ ክፍልፋይ ተሰበረ ሲባል፣ ጸሐፊው ይህንንም አብሮ ቢጠቅስ መልካም ነበር።