ክዳን ለምኔ!

ኢትዮጵያዊ እንግዳ ተቀባይ አይደለም የሚል ካለ አኖፊለስ ስቴፈንሳይን ይጠይቃት። የዚህች የወባ ትንኝ ትውልድ ከወደ እስያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ታየች፤ በ2016 ደግሞ እኛው ዘንድ፣ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። እኛም ቤት ለእንግዳ አልን።

ነባሮቹ የወባ ትንኞቻችን ባላገር ናቸው። ዝናብ ጠብቀው፣ በኩሬና በከብት ዱካ ውሃ ተራብተው፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሲያንቀጠቅጡን ከርመው ይቀንሳሉ። ይህቺኛዋ ግን ከተሜ ናት፤ ለመጠጥ በተቀመጠ ንጹህ ውሃ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ በጋም አይበግራትም። አላሳፈርናትም። በርሜሉን እስከ አፉ ሞልተን፣ ክዳኑን የዶሮ መኖ መስጫ አድርገን እንጠብቃታለን። የሮቶው ክዳን በነፋስ ከተወሰደ ቆይቷል፤ ለአንድ ክዳን ብሎ መሰላል መውጣት ደግሞ ለጨዋ ሰው አይመጥንም። የመሠረት ጉድጓዱን ውሃ አስተኝቶበት ሥራ ያቋረጠው ኮንትራክተርማ ባለ መዋኛ ሆቴል እንደከፈተላት ይቆጠርለት።

ውሃን በፈረቃ የሚለቅልንን መሥሪያ ቤት መዘንጋትም ነውር ነው። ቧንቧው በየቀኑ ቢፈስ ኖሮ ይህን ሁሉ በርሜል ማን ይደረድር ነበር?

ውጤቱን ድሬዳዋ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 የወባ ሕሙማን የተመዘገቡባት ከተማ፣ በ2022 የመጀመሪያ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ አስመዘገበች። ያውም በደረቁ ወቅት! ከተሜው ሊቅ ግን አልተደናገጠም። «ወባ የገጠር በሽታ ናት፤ እኔን የመታኝ ብርድ ነው» ብሎ ዳማከሴውን አሽቶ ተኛ። ደሙን ቢያስመረምር እኮ ዕውቀቱን መጠራጠር ይሆንበታል። ጎረቤቶቹም አንድ በአንድ ያው «ብርድ» መታቸው። በአንድ ግቢ ስንኖር ብርዱም የጋራ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሩን አንኳኩታ «አባባ፣ በርሜሎን በየሳምንቱ እያጠቡ ይክደኑት፤ እጩ ከሳምንት በላይ ከቆየ ትንኝ ሆኖ ይበራል» ስትል፣ ባለቤቱ በትሕትና ይሰማታል። ቡናም ያስፈላላታል። ከዚያ እጇን ይዞ ወደ ጓሮ ይወስድና ጥንቃቄውን ያሳያታል፦ ጎረቤት እንዳይቀዳበት የበርሜሉን ቧንቧ በጓጉንቸር ቆልፎታል። ከላይ ክፍት ነው።