ትከሻ መለዋወጫ የለውም

የማርክ ፕራየር ስም ሲነሳ ከአሜሪካው የቤዝቦል ቡድን ከቺካጎ ከብስ ደጋፊዎች የሚሰማው አንድ ነው፦ ዕድል ጠመመበት። በጁላይ 2003 ከተጋጣሚ ተጫዋች ጋር ተላትሞ በቀኝ ትከሻው ወደቀ፤ በ2005 ደግሞ ተመትታ የተመለሰች ኳስ ክርኑን ሰበረችው። እውነት ነው። በሁለቱ መካከል ያለችውን አንዲት ወር መዝለል ግን አይዋጥልኝም።

ፕራየር ፒቸር ነበር፤ ከ18 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ኳሷን ወደ መቺው የሚወረውረው ሰው። ቡድኖች አምስት ፒቸር በየተራ ያስጀምራሉ፤ ተራው ለአንዱ በአምስት ቀን አንዴ ይደርሰዋል። በሴፕቴምበር 2003 ከብስ የምድቡን አንደኝነት ለመያዝ አንገት ለአንገት ተናንቆ ሳለ ፕራየር ስድስት ጊዜ ተሰለፈ። በየጨዋታው የወረወረው ኳስ በቅደም ተከተል 131፣ 129፣ 109፣ 124፣ 131፣ 133 ነው። 100 አካባቢ ሲደርስ ማሳረፍ ያኔም የተለመደ ነበር። ልጁ 23 ዓመት የሞላውም በዚያችው ወር ነው።

ውርወራ የሚጀምረው ከእግር ነው፤ ኃይሉ በዳሌና በወገብ አልፎ ክንድ ላይ ይደርሳል። እግር ሲዝል የጎደለውን ትከሻ ይሞላል። ኳሷ ከእጅ ስትወጣ ክንድን ከመጋጠሚያው የሚጎትተው ኃይል ከሰውየው ክብደት ጋር ይቀራረባል፤ ያንን ክንድ ይዘው የሚያቆሙት ደግሞ መጋጠሚያውን የከበቡ አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ጅማታቸው ብዙ ጊዜ እንደ አሮጌ ገመድ ፈትል በፈትል ይሳሳል። ኳሷ ከፍ ከፍ ማለት ትጀምራለች፣ ፍጥነቷ ይወርዳል፣ ፒቸሩ ግን «ደኅና ነኝ» ይላል። (ምን ይበል? ተራውን የሚጠብቅ ሌላ አለ።)

ክርን ቢሆን መላ አለው። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 ለፒቸሩ ቶሚ ጆን ካደረገለት ቀዶ ሕክምና ወዲህ የተበጠሰውን የክርን ጅማት ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ይተኩታል፤ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል አገግሞ ብዙው ይመለሳል። ለትከሻ እንዲህ ያለ አስተማማኝ መፍትሔ የለም። ፕራየር በ2007 ትከሻውን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ እስከ 2013 በታችኛው ሊግ ሞከረ፣ አልሆነም። በዋናው ሊግ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰለፈው በኦገስት 2006፣ ገና በ25 ዓመቱ ነው። 106 ጨዋታ፣ 42 ድል፣ አለቀ።

ጥፋቱን ሁሉ በአሠልጣኙ በደስቲ ቤከር ላይ መጫን አይገባም፤ ከ2020 ጀምሮ የሎስ አንጀለሱ ቡድን የዶጀርስ ፒቸሮች አሠልጣኝ የሆነው ፕራየር ራሱ አይወቅሰውም። ከብስ ከ1908 ወዲህ ዋንጫ አላነሣም ነበር፤ ያን ጊዜ ቤከር ፕራየርን ቀድሞ ቢያስቀምጠው ደጋፊው በቁሙ ይበላው ነበር። በዚያው በ2003 ኦክቶበር 14 ቀን ፍጻሜ ለመግባት አምስት መቺ ማስወጣት ሲቀር 3 ለ 0 ይመሩ ነበር፤ 8 ለ 3 ተሸነፉ። እስከ ዛሬ የሚወራው የከብስ ተጫዋች ሊቀልባት የነበረችውን ኳስ ለመያዝ እጁን ስለዘረጋው ተመልካች ነው። ፕራየር ያን ምሽት 119 ጊዜ ወርውሯል።