ቀረሶ የለም፣ ቲላፒያ ግን አለ

አሁን ከሐይቁ ዳር መግባቴ ነው። ሆዴ አልጠገበም፣ ጨጓራዬ ግን ተልጧል።

ያቺን ቤት ታውቋታላችሁ፣ ስሟን አልጠራም። ሜኑው ከላይ እስከ ታች በእኛው ፊደል የተጻፈ እንግሊዝኛ ነው። ግሪልድ፣ ክሪስፒ፣ ስፔሻል ኮምቦ። ወዲያ ገፋሁትና የሐይቃችንን ዓሣ በአፌ አዘዝኩ።

«ቀረሶ አለ?»

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ቀረሶ። ጥብስ።»

«እሱ እንኳን የለንም። ቲላፒያ ግን አለ፣ በጣም ፍሬሽ ነው።»

የቀለደ መስሏችሁ? ኮስተር ብሎ ነው! «ቲላፒያ እኮ ማለት ቀረሶ ነው» አልኩት። «አይ ጋሼ፣ እሱ የገበያው ነው። የእኛ ቲላፒያ ነው።» አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች ሙድ ያዙብኝ። አንዷማ «ፋዘር ከገጠር ነው እንዴ?» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ፋዘር! ሽበት እንኳ በቅጡ ያልጀመረኝን ሰውዬ!

ኧረ በመስኮቱ ጣና ይታያል! ደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ የሚቀዝፈው ሰውዬ ይታያል። እሱ ቀረሶ፣ አምባዛ ብሎ ነው የሚሸጥላችሁ። ያው ዓሣ የሆቴሉን በር ሲያልፍ ስሙን ይቀይርና ዋጋው ሰማይ ይነካል። ሒሳቡ ላይ ደግሞ «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚል አለ። ይሄ ምንድን ነው ስለው ያ ቀረሶ የማያውቅ ልጅ ጥርት ባለ አማርኛ አስረዳኝ። «የአገልግሎት ነው ጋሼ፣ የግድ ይከፈላል።»

ንዴቴ አልበርድ ሲል ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ጎረጎርኩ። የቀረሶ ሳይንሳዊ ስሙ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ ነው። ኒሎቲከስ የናይል ማለት ነው፣ የአባይ! ቲላፒያ የሚለው ደግሞ መነሻው የደቡብ አፍሪካ ጽዋና ቋንቋ ነው አሉ፣ ትርጉሙም «ዓሣ»። «ቲላፒያ ዓሣ» ያለ ሰው ዓሣ ዓሣ አለ ማለት ነው። እና ፋራው እኔ ነኝ?

የውጭ ቃል ጠላህ እንዳትሉኝ። ካልሲ፣ ቦርሳ፣ ጎሚስታ ከጣሊያን መጥተው ቤተኛ ሆነዋል። ላጲስ እነሱ ጋ እርሳስ ነው፣ እኛ ጋ ሲደርስ ማጥፊያ ሆነ፣ ይመቸው። ባጃጅም የሕንድ ኩባንያ ስም ነው። የታሸገ ውሃ ሁሉ ሃይላንድ ሲባል አፌን ዘግቼ ኖሬያለሁ። ቀረሶ ግን ስም ነበረው እኮ!

ባለፈው አዲስ አበባ ላይ «አወ» ስል አንዱ «እስቲ ድገማት» ብሎ አስደገመኝ። ለጓደኛውም አሰማልኝ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ባሕር ዳር ተወልዳ ባሕር ዳር አድጋ «ነቄ በል እንጂ አጎቴ» ትለኛለች። ሌላውን ቃሏን ትርጉሙን ስጠይቃት «ተወው፣ ይቅርብህ» ነው መልሱ። ይቅርብኝ እሺ።

እሷስ ልጅ ናት። አንድ መሥሪያ ቤት ለስብሰባ ጠርተውኝ «እርስዎ ስቴክሆልደር ነዎት?» አለችኝ መዝጋቢዋ። ሥጋ ቤት የለኝም አልኳት። አልሳቀችም። ቅጹን ዘረጋችልኝ፣ «አፕሩቭድ ባይ»፣ «ሪማርክ»፣ ሌላም ሌላም። ከኋላዬ ሰልፉ ይገፋኛል። «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለች (ፊርማም የጣሊያን ነው፣ ተውት)። ፈረምኩ። ምን ላይ እንደፈረምኩ እስካሁን አላውቅም።