ዳሽን ማን ነው?

ወገኖቼ፣ የአገራችንን ትልቁን ተራራ ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት? አብዛኞቻችሁ «ራስ ዳሽን» ትላላችሁ። ስሙ ራስ ደጀን ነው። ፈረንጅ በጆሮው እንደመጣለት ካርታው ላይ ጻፈው። እኛ ደግሞ ከካርታው መልሰን በፊደላችን ገለበጥነው። ባንክም ቢራም ተሰየመበት። አሁን ደጀን የሚል ሰው ሲመጣ ተሳስተሃል የምንለው እሱን ነው!

በፈረንጅ አላሳብብም። «ጭ» የሚባል ድምፅ የለውም፣ እንደቻለ ጻፈ። እኛ ግን አለን። ታዲያ ጭላዳን «ጌላዳ» ብሎ መጻፍ ምን ይሉታል? እ.ኤ.አ. በ1835 ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ዝንጀሮውን በሳይንስ ስም ሲመዘግብ ቃሉን የወሰደው ከዚሁ ከእኛ ነው። ቃሉ ተጣሞ ተመለሰ፣ እኛም እሰይ ብለን ተቀበልነው። የሚኖርበት ፓርክም አንዱ ጽሑፍ ላይ ስሜን፣ ሌላው ላይ ሰሜን ነው። በላቲን የተጻፈበትን ዓይነትማ መቁጠር ይደክማል።

ይህ እንግዲህ አማርኛ ስም ላይ የደረሰው ነው። አማርኛ ያልሆነው ስም ላይ ግን ፈረንጆቹ እኛው ነን።

አፋር ያለውን የዱር እንስሳት ፓርክ፣ ሀላይደጌን፣ አንዱ አላይደጌ፣ ሌላው አሌደጊ ይለዋል። ምዕራብ ኦሮሚያ ያለውን ፓርክ «ዳቲ ወለል» ብለን እንጽፋለን። የመጀመሪያው ድምፅ «ዳ» አይደለም፣ «ዻ» ነው። ፊደሉ ደግሞ አለን፤ ለኦሮምኛ ተብሎ ተቀርጿል፣ ስልካችሁ ውስጥም ሳይኖር አይቀርም። ምላሴ አይታዘዝልኝም የሚል ይኖራል። ይሁን፣ በምላስ ማንም አይከሰስም። ታፔላ ግን ምላስ የለውም። የተጻፈበትን ነው የሚናገረው፣ ያውም ለዓመታት።

የኔ ቁጣ ታፔላ አሠሪዎች ላይ ብቻ አይደለም። ጋዜጠኞች፣ አስጎብኚዎች፣ ፎቶ የምትለጥፉ ልጆች፣ ስሙን ከጉግል ቀድታችሁ ከምትለጥፉ ለምን አንድ የአካባቢውን ሰው አትጠይቁም? የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን እንኳ አያሳይም። የበዓሉን «ገና» እና «ገና ነኝ» የምንለውን «ገና» የምንለየው ስለምናውቃቸው ነው። የማናውቀውን ስም ከወረቀት ላይ እንዴት እንለየዋለን?

ስለዚህ የታፔላው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ከብቱን እዚያ ያሰማራ የነበረውን ሽማግሌ ፈልጉ። ስሙን ሦስት ጊዜ አስጠሯቸው፣ በስልካችሁ ቅዱት። ከዚያ ጻፉ። ከጎኑ ደግሞ ባለቤቶቹ በቋንቋቸው እንደሚጽፉት አድርጉት፣ የኦሮሞው ከሆነ በቁቤ። የተስማማችሁበትን አጻጻፍ በበሩም፣ በካርታውም፣ በቲኬቱም ላይ አትለዋውጡት።

እኔም ዳሽን እያልኩ ነው ያደግሁት። ዛሬም ያመልጠኛል። ስታገኙኝ አርሙኝ።