ሙሌት ውበት ነው ያላችሁት፣ እስኪ አፋችሁን ክፈቱ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወረቀት በቴሌግራም ደረሰኝ። ኮምቦልቻ ካለ ፋብሪካ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በስልክ የተነሳ ነው። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ የአክስቴ ልጅ እንጀራው እዚያ ነው። ወረቀቱ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛው የትኛውን ሕክምና እንደሚከፍል ይዘረዝራል። ጥርስ ጋ ሲደርስ እንዲህ ይላል፦ ማስነቀል ይሸፈናል፤ እጥበት፣ ሙሌትና ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን «የውበት አገልግሎት በመሆናቸው» አይሸፈኑም።

ሦስቴ አነበብኩት።

ለወሎ ሰው ስለ ውበት ባይነገረው ይሻላል። ሴት አያቴ ድዷን በመርፌ የተነቀሰች ነበረች፤ እሱ ውበት ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ ወርቅ ጥርሱን ብልጭ እያደረገ የሚስቅ ጎረምሳ አይታጣም፤ እሱም ይሁን፣ ውበት ነው። ወርቅ አስገቡልን ያለ ሠራተኛ ግን የለም። ጥርሱ የተቦረቦረ ሰው ቀዳዳውን ድፈኑልኝ ማለቱ በየት በኩል ዞሮ መኳኳል እንደሆነ ያስረዱኝ።

እጥበት ሲባል ጥርስ ማንጣት መስሏቸው ይሆናል። አይደለም። ጥርስ ላይ የሚጋገረው ለስላሳ ቆሻሻ ምራቅ ውስጥ ባለው ካልሲየም በቀናት ውስጥ እየጠጠረ ይሄዳል። አንዴ ከደነደነ ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም። ባለሙያ በመሣሪያ ፍቆ ማውጣት አለበት። እኔ አምና እዚሁ ደሴ ታጥቤአለሁ። ሐኪሟ የታች የፊት ጥርሶቼን ከኋላ በኩል ስትፍቅ አንድ ቁራጭ ተፈንቅሎ ወጣ። ፋሻ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። የምስር ፍሬ ያክላል። ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ጠቁሯል። በጥፍሬ ብጫነው አልሰበር አለ። ይሄን ተሸክሜ ነበር ለካ ሰው ፊት የምስቀው!

ይሄ ጠጠር የተቀመጠበት ድድ ይቆጣል፣ ይደማል። እዚህ ደረጃ ላይ ከተደረሰበት ድዱ ይድናል። ከተተወ ግን ጥርሱን የያዘው አጥንት ይበላል፤ የተበላ አጥንት በራሱ አይመለስም። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል። ስኳሩ ድዱን፣ ድዱ ስኳሩን ያባብሳሉ። ታዲያ ይሄ የቱ ጋ ነው ውበቱ?

«ታጥቤ ጥርሴ ላላ» የሚሉም አሉ። የላላው ድሮ ነው። አጥንቱ ሲሄድ ጠጠሩ እንደ ሲሚንቶ ይዞት ነበር፤ ሲነሳ ታወቀ። ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ መጠዝጠዙ እውነት ነው፣ በተለይ በደሴ ብርድ። ያልፋል።

ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት በነበረው ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ተነስተው «አያቶቻችን በመፋቂያ ብቻ ሠላሳ ሁለት ጥርሳቸውን ይዘው አይደል የሞቱት?» አሉ አሉ። ተጨበጨበላቸውም አሉ። የማን አያት? የእኔ ወንድ አያት ዕድሜ ልካቸውን መፋቂያ ከአፋቸው አልጠፋም። ሲሞቱ አራት ጥርስ ነበራቸው። ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነክረው፣ ቆሎውን አስፈጭተው ነበር የሚበሉት። በሳቸው ዘመን ጥርስ ሲያም ትል በላው ተብሎ የእምቧይ ፍሬ ጭስ ይታጠኑለታል። እሱንም እንመልሰው? መፋቂያ ጥሩ ነው፣ እኔም እፍቃለሁ። ፍሎራይድ የሚባለው ጥርስ አጠንካሪ ያለበት የጥርስ ሳሙና ሲጨመርበት ደግሞ የተሻለ ነው። የደነደነውን ግን አያወርድም፣ ቀዳዳም አይደፍንም። ደግሞ አያቶቻችን በየሱቁ ለስላሳ አልነበራቸውም።

ከሁሉ የገረመኝ ይሄን የጻፉት የፋብሪካ ሰዎች መሆናቸው ነው። የማሽን ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ግሪስ ካጣ ምን እንደሚሆን ከነሱ በላይ ማን ያውቃል? መጀመሪያ ይጮኻል። ከዚያ ይግላል። ከዚያ ዘንጉንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ማሽኑ በፕሮግራም ይቆማል፣ ይጸዳል፣ ግሪስ ይጠጣል። «ግሪስ የማሽን ኩል ነው» ብሎ በጀት የከለከለ ሥራ አስኪያጅ ሰምቼ አላውቅም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ተራ ሲደርስ ግን ሕጉ ይገለበጣል። እስኪሰበር ይጠበቅ፣ ሲሰበር ይውጣ፣ መለዋወጫ አይገባም። ከነኩሽኔታው በታች ሆነን አረፍነው!

ማስነቀል ይረክሳል ባዮች፣ የማን ኪስ ላይ? አንድ መንጋጋ ይነቀል እንበል። ከኋላው ያለው ጥርስ ቀስ በቀስ ወደ ክፍተቱ ያዘማል። ከላይ ያለው የሚገጥመው ስላጣ ወደ ታች ይወርዳል። ምግብ ይወሸቃል፤ ቀጥሎ ያለውም ይበላል። ሰውየው በአንድ ጎን ማኘክ ይለምዳል። ነገ ክፍተቱን በብሪጅ፣ ማለትም ከጎን ጥርሶች ጋር በሚያያዝ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ልሙላ ቢል ግራና ቀኝ ያሉት ደህና ጥርሶቹ ተሞርደው ነው። ይሄ ሁሉ በአንድ ቀጠሮ ትደፈን የነበረች ትንሽ ቀዳዳ ናት። ነርቭ ላይ ከደረሰች የሥር ሕክምና አለ። ውድ ነው፣ እሱን አምናለሁ። ግን እዚያ የተደረሰው ሙሌቱ በጊዜው ስለተከለከለ ነው። በዚህ ሒሳብማ እግሩ የቆሰለውን ሁሉ መቁረጥ ከፋሻ ይረክሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙናና ግላስ አዮኖመር የሚባለውን የሙሌት ሲሚንቶ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ከአሞክሲሲሊን ጋር እኩል ማለት ነው። የኛዎቹ ደግሞ ከጥፍር ቀለም ጋር መደቡት።

ይሄን ስጽፍ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። እዚያው ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው የሚሠራው፤ ግሪሱን የሚያጠጣው እሱ ነው። የታች መንጋጋው ላይ ቀዳዳ ካወጣ ሁለት ወር ሆኖታል። የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ና፣ እኔ ከፍዬ ላስሞላህ አልኩት።

«ተው ባክህ፣ ገንዘብህን አታባክን» አለኝ። «ትንሽ ይቆይና ሲብስበት አስነቅለዋለሁ። እሱ በነጻ ነው።»