አራቱን ሐውልቶች ለልጆቻችን እናሳይ

የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2025 በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ አሜሪካውያንን የሚያሳንስ ጽሑፍ ያየ ጎብኚ እንዲጠቁም የሚጠይቅ ማስታወቂያ እንዲለጠፍ ካዘዘ ወዲህ፣ ክርክሩ ሶልት ሌክ ሲቲ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከልም ገብቷል። ሰሞኑን አንድ ወገናችን፣ ሞርሞን የሚባሉት የአንድ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች ዩታ ላይ መስፈራቸውን ወደሚዘክረውና የአራት ጥቁር ቀደምት ሰፋሪዎች ሐውልቶች ወደሚገኙበት ወደ «ዲስ ኢዝ ዘ ፕሌስ» የቅርስ መናፈሻ ልጆቻቸውን ለሚወስዱ ወላጆች የሰጡት ምክር ግን ዝም የሚያሰኝ አይደለም። «ልጆቹን በትንሿ ባቡር አሳፍሩ፣ የሞርሞኖቹን የድሮ ቤቶች አሳዩ፤ የባርነቱን ነገር ግን ተዉት፣ በዘመኑ ሁሉም ያደርገው የነበረ ነው» ብለዋል።

መናፈሻው የዩታ ግዛት ንብረት ስለሆነ የፌዴራሉ ትእዛዝ አይመለከተውም። እኚህ ሰው ግን ማንም ሳያዛቸው ያንኑ ትእዛዝ በገዛ ልጆቻችን ላይ አውጀዋል።

«ሁሉም ያደርገው ነበር» የሚለው አባባል ሐሰት ነው። የዩታ ምክር ቤት በ1852 ባርነትን የፈቀደውን ሕግ ሲያወጣ፣ ሐዋርያት ከሚባሉት የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ከፍተኛ መሪዎች አንዱ የነበረው ኦርሰን ፕራት በጉባኤው መካከል ቆሞ ተቃውሞታል። ይህ ሰው በ1847 ወደ ሶልት ሌክ ሸለቆ ቀድሞ የገባውን የሞርሞን ሰፋሪዎች ጓድ የመራ ነው፤ አብረውትም ግሪን ፍሌክ፣ ሃርክ ዌልስ እና ኦስካር ስሚዝ የተባሉ፣ በባርነት የተያዙ ሦስት ጥቁሮች ተጉዘዋል። ነውሩን ነውር ነው ያለ ሰው በዚያው ዘመንና በዚያው ጉባኤ ከነበረ፣ ዘመኑ ለማን ማመካኛ ይሆናል?

የመናፈሻው ትልቁ ሐውልት የሚዘክረው የሞርሞኖቹ መሪ ብሪገም ያንግ ጁላይ 24 ሸለቆውን አይቶ ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው ማለቱን ነው። ያንግ በዚያ ሰሞን በትኩሳት ታሞ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ቀዳሚው ጓድ ግን ጁላይ 22 ገብቶ፣ በማግስቱ ጅረቱን ገድቦ፣ ማረሻ አልገባ ያለውን ደረቅ መሬት ውኃ እያጠጣ እርሻ ጀምሯል። ያ ታላቅ ቃል ከመነገሩ በፊት ሥራው ተጀምሮ ነበር፤ ከጀማሪዎቹም መካከል በሰው ንብረትነት የተቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። መሃል ከተማ ያለው የያንግ ሐውልት እንኳ ስማቸውን ከሌሎቹ ለይቶ በአገልጋይነት መዝግቧል። እነሱን ዘሎ ስለ ሰፈራው የሚናገር ሰው ታሪኩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጉድሎታል።

ሞርሞኖች የቀድሞ መሪያቸው ጆሴፍ ስሚዝ በ1844 እንደተገደለባቸውና ከኢሊኖይ እንደተሰደዱ አልክድም። ነፃ ሆና የተወለደችው ጥቁሯ ሞርሞን ጄን ማኒንግ ጄምስም ያንኑ ስደት ተጋርታለች። ጎረቤቷ ኤላይዛ ላይማን በተቸገረች ጊዜ ጄን ከነበራት ዱቄት ግማሽ ያህሉን፣ ሁለት ፓውንድ፣ ሰጥታታለች። ያቺ ሴት የቤተ መቅደስ ሥርዓት እንዲፈጸምላት ደጋግማ ስትለምን ተከለከለች፤ በ1894 የተፈቀደላት ለጆሴፍ ስሚዝ ቤተሰብ በአገልጋይነት መቆራኘት ብቻ ነበር። በ1908 ያረፈችው እንደተከለከለች ነው፤ በጥቁሮች ላይ የነበረው ይህ እገዳ የተነሳው በ1978 ነው።

በጁላይ 2022 የግሪን ፍሌክ፣ የሃርክ ዌልስ፣ የኦስካር ስሚዝ እና የጄን ማኒንግ ጄምስ አራት የነሐስ ሐውልቶች በዚያው መናፈሻ ሲመረቁ፣ መርቀው የቀደሷቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ሐዋርያት አንዱ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ሐዋርያ ራሳቸው በአደባባይ መርቀው ያከበሩትን ታሪክ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ከጥቁር ልጁ እንዲደብቅ መምከር አሳፋሪ ነው። ልጆቻችን ባቡሩን ይሳፈሩ፤ ከዚያ በፊት ግን ወላጆቻቸው ወደ አራቱ ሐውልቶች ወስደው ስማቸውን አንድ በአንድ ያንብቡላቸው።